ለማኅበር ጽሕፈት ቤት የሚበጀው ኮምፒዩተር የትኛው ነው?

የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበራት ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ መጥቷል። የአባላት ዕጣ፣ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ሥርጭት፣ የእህል ግዥና ሽያጭ፣ የብድር አመላለስ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባዔ፣ ይህ ሁሉ ቀድሞ በመዝገብና በካርኔ ብቻ ይያዝ የነበረ ሲሆን፣ ዛሬ ግን በብዙ ቦታ ከመዝገቡ ጎን ለጎን በኮምፒዩተር መያዝ ጀምሯል። በዚህም የተነሣ ኮምፒዩተር ለማኅበሩ ጸሐፊና ለሒሳብ ሹሙ እንደ ሚዛንና እንደ ማኅተም ሁሉ ከሥራው የማይለይ መሣሪያ ሆኗል።

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. እነዚህን ኮምፒዩተሮች የሚነካ አንድ ለውጥ ተፈጽሟል። ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 ላወጣውና በየጽሕፈት ቤቱ ለተሠራጨው ዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ በዚሁ ዕለት አቁሟል። ከዚህ በኋላ በማኅበራት ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ ግልጽ ነው። ያለው ኮምፒዩተር ይጣል? አዲስ ይገዛ? ወይስ በአነስተኛ ወጪ ያለውን ዕቃ ማሠራት የሚቻልበት ሌላ መንገድ ይኖራል?

ጥያቄው ለባለሙያ ብቻ የሚተው አይደለም። ለግዥ የሚወጣው ገንዘብ የአባላት ገንዘብ ነው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው መዝገብም የአባላት መዝገብ ነው። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ግብይት በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተወሰነ በኋላ የብር ምንዛሪ ዋጋ በመቀነሱ፣ እንደ ኮምፒዩተር ያሉ ከውጭ የሚገቡ ዕቃዎችን መግዛት ለማኅበር ካዝና ቀላል አይደለም። ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ከሻጭ ፊት ከመቅረባቸው በፊት ነገሩን ከሥሩ ማወቅ ይገባቸዋል።

ያረጀው ዕቃው ነው ወይስ ፕሮግራሙ?

ኮምፒዩተር ሁለት ነገሮች ተጣምረው የሚሠሩበት መሣሪያ ነው። አንደኛው በእጅ የሚዳሰሰው ዕቃ ነው፤ ይኸውም ማያው፣ የፊደል ገበታው፣ መረጃ የሚቀመጥበት ዲስክና ሌላውም የውስጥ አካል ነው። ሁለተኛው ዕቃውን የሚያንቀሳቅሰውና ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ዋና ፕሮግራም ነው። ዊንዶውስ 10 ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው።

ማሻሻያው ተቋረጠ ማለት ኮምፒዩተሩ በዚያው ቀን መሥራት አቆመ ማለት አይደለም። ዛሬም ይነሣል፣ ይጽፋል፣ ያትማል። ችግሩ ከዚያ ቀን ወዲህ ለሚገኝ አዲስ ቀዳዳ መድፈኛ አለመኖሩ ነው። አጥሩ እንዳለ ነው፤ የሚጠግነው ግን የለም። ኩባንያው ለሚመዘገቡ ተጠቃሚዎች እስከ ጥቅምት ወር 2019 ዓ.ም. የሚዘልቅ ተጨማሪ ጥበቃ ያዘጋጀ ቢሆንም፣ ይህም ጊዜ መግዣ ነው እንጂ ዘላቂ መፍትሔ አይደለም። ኮምፒዩተሩ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝና ከየቦታው የሚመጣ ፍላሽ የሚሰካበት ከሆነ፣ አደጋው ከወር ወደ ወር እየጨመረ ይሄዳል።

ተተኪው ዊንዶውስ 11 እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሲሆን፣ በማንኛውም ዕቃ ላይ አይጫንም። ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት የማስቀመጫ ቦታና ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት መቆጣጠሪያ ይጠይቃል። የኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነም፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ የተሠራውን ብቻ ይቀበላል። ስለሆነም እ.ኤ.አ. ከ2017 በፊት የተሠሩና ገና ጤነኛ የሆኑ እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮች ከዚህ መስፈርት ውጭ ሆነዋል። እነዚህ ዕቃዎች አልተበላሹም፤ ፕሮግራሙ ነው የተዋቸው። አዲስ ዕቃ ከመግዛት በፊት ይህን ልዩነት መረዳት ለማኅበሩ ብዙ ገንዘብ ሊያድን ይችላል።

ሊኑክስ ምንድን ነው?

ለእንደነዚህ ያሉ ዕቃዎች ከሚቀርቡት አማራጮች ዋነኛው ሊኑክስ ነው። የፊንላንድ ተወላጅ የሆነው ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ይህ ሥራ፣ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ባሉ ባለሙያዎች የጋራ ጥረት እያደገ መጥቷል። ዕድገቱ ከኅብረት ሥራ መንገድ ጋር የሚመሳሰል ነገር አለው። አንዱ የሠራውን ሌላው ያሻሽለዋል፤ የተሻሻለውም ለሁሉም ይዳረሳል። ከዚህ መሠረት ላይ ተነሥተው የተዘጋጁ ብዙ ዓይነት ሊኑክሶች ያሉ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ዴቢያን፣ በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ አነሣሽነት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ኡቡንቱ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረውና ለዊንዶውስ ለለመደ ሰው የማይከብደው ሊኑክስ ሚንት ከታወቁት መካከል ናቸው።

ሊኑክስ ለመጠቀም የፈቃድ ክፍያ የለበትም። በአንድ ፍላሽ የተገለበጠውን በአሥር ኮምፒዩተር ላይ መጫንም ሆነ ለጎረቤት ማኅበር ማካፈል በሕግ የተፈቀደ ነው። ይህ ለገጠር ትልቅ ጥቅም አለው። የሊኑክስ ሚንት መጫኛ መጠን ወደ 3 ጊጋባይት ገደማ በመሆኑ፣ ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ከተማ አንድ ጊዜ ወርዶ በፍላሽ እየተቀዳ ለብዙ ማኅበራት ሊዳረስ ይችላል።

በዕቃ ፍላጎቱም ጠያቂ አይደለም። ሊኑክስ ሚንት 22 የሚባለው ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ቦታ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ያለ ችግር ለመሥራት ግን 4 ጊጋባይት ራምና 100 ጊጋባይት ቦታ ይመከራል። ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት መሆን አለበት፤ እ.ኤ.አ. ከ2007 ወዲህ የተሸጡ ኮምፒዩተሮች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም እንደዚያው ናቸው።

በሌላ አገር የታየ ተሞክሮ

ይህ መንገድ ለገጠር አካባቢ አዲስ አይደለም። በምዕራብ ስፔን ከፖርቱጋል ድንበር ጋር የሚዋሰነውና በእርሻና በእንስሳት እርባታ የሚታወቀው የኤክስትሬማዱራ ክልል፣ እ.ኤ.አ. በ2002 በዴቢያን ላይ የተመሠረተና ሊንኤክስ የተባለ የራሱን ሊኑክስ አውጥቷል። ክልሉ ከአገሪቱ ድኻ ክልሎች አንዱ ነበርና በየትምህርት ቤቱ ለሁለት ተማሪ አንድ ኮምፒዩተር ለማዳረስ ሲነሣ፣ ለፕሮግራም ፈቃድ የሚወጣውን ገንዘብ ለዕቃ መግዣ ማዋልን መረጠ። ፕሮግራሙም በሲዲ ተባዝቶ ለሕዝብ በነፃ ተሠራጨ። በሕንድ የኬራላ ግዛትም የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሰፊው የሚያስተምሩት በሊኑክስ ነው።

ይሁን እንጂ ተሞክሮው ሁሉ የተሳካ አልነበረም። በጀርመን የሙኒክ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመዛወር ወስኖ፣ ለዓመታት በተካሄደ ሥራ ወደ 15,000 የሚጠጉ የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተሮችን ካዛወረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ዊንዶውስ ለመመለስ ወስኗል። ከተነሡት ችግሮች መካከል በዊንዶውስ ብቻ የሚሠሩ ልዩ ፕሮግራሞች መኖራቸውና ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች ጋር የሚደረገው የሰነድ ልውውጥ መቸገሩ ይገኙባቸዋል። በአንጻሩ በዚያው በጀርመን የሽሌስቪግ ሆልሽታይን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ 30,000 የሚጠጉ የሥራ ኮምፒዩተሮችን ወደ ሊብሬ ኦፊስ፣ በሂደትም ወደ ሊኑክስ ለማዛወር መወሰኑን አስታውቋል።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ፕሮግራሙ በነፃ መገኘቱ ብቻውን መልስ አይሆንም። መልሱ የሚገኘው ጽሕፈት ቤቱ በየዕለቱ የሚሠራውን ሥራ አንድ በአንድ ዘርዝሮ፣ እያንዳንዱ በአዲሱ መሣሪያ ላይ መሥራት አለመሥራቱን አስቀድሞ በመፈተን ነው።

ሥራን መዘርዘር

በአንድ የገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት በኮምፒዩተር የሚሠራው ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ከአምስት አይበልጥም። ደብዳቤና ቃለ ጉባዔ መጻፍ፣ የአባላትንና የግብዓትን ዝርዝር በሠንጠረዥ መያዝ፣ ሒሳብ መያዝ፣ በኢንተርኔት መልእክትና ሪፖርት መላክ፣ ማተም ናቸው። እያንዳንዱን ለየብቻ መመልከት ያስፈልጋል።

ደብዳቤና ሠንጠረዥ። በሊኑክስ ላይ ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ሊብሬ ኦፊስ ነው። ራይተር የተባለው ክፍሉ ለጽሑፍ፣ ካልክ የተባለው ደግሞ ለሠንጠረዥ ያገለግላሉ። በወርድና በኤክሴል የተሠሩ ሰነዶችን ይከፍታል፤ በእነርሱም ዓይነት አድርጎ መልሶ ያስቀምጣል። ቀላል ደብዳቤና መደመር መቀነስ ያለበት ሠንጠረዥ አብዛኛውን ጊዜ ሳይዛነፍ ይሻገራል። የሚያስቸግረው ብዙ ሥዕልና ሣጥን ያለበት ቅጽ ወይም ማክሮ የሚባል የተቀናበረ ትእዛዝ ያለበት የኤክሴል ሰነድ ነው። ወረዳው ወይም ዩኒየኑ የሚልከው የሪፖርት ቅጽ እንዲህ ያለ ከሆነ፣ አስቀድሞ ከፍቶ፣ ሞልቶ፣ ለላኪው መልሶ ልኮ በትክክል መታየቱን ማረጋገጥ ይገባል። ለማንበብ ብቻ የሚላክ ሰነድ ግን በፒ ዲ ኤፍ ቢላክ በየትም ኮምፒዩተር ላይ መልኩን አይለውጥም።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ቀን አጻጻፍ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ቀን የሚቆጥሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመሆኑ፣ 13ኛ ወር ያለውን የእኛን የዘመን አቆጣጠር አያውቁትም። ጳጉሜን 3 ቀን የተከፈለ የማዳበሪያ ዕዳ በቀን ዓምድ ሲገባ ሊሳሳት ይችላል። ስለዚህ ዓመት፣ ወርና ቀን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች በቁጥር ቢጻፉ፣ በሊኑክስም ሆነ በዊንዶውስ ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው ለመደርደር ያመቻሉ።

የአማርኛ ጽሑፍ። ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ይህ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ፣ ብዙ የአማርኛ ሰነዶች የተጻፉት የእንግሊዝኛ ፊደላትን ቦታ ይዘው በሚሠሩ የቀድሞ የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች ነበር። እንዲህ ያለው ሰነድ የተጻፈበት የፊደል ዓይነት በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት፣ የአባላት ስም ዝርዝር ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይታያል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ግን ማንም አያነበውም።

ሰነዱ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። ጽሑፉን መርጦ የፊደል ዓይነቱን ወደ ኒያላ ወይም ወደ አቢሲኒካ መለወጥ ነው። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ በዩኒኮድ የተጻፈ ስለሆነ በሊኑክስም ይነበባል። ወደ ላቲን ፊደል ከተለወጠ ግን የቀድሞው ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ሰነድ አሮጌው ኮምፒዩተር ገና በሥራ ላይ ሳለ በመለወጫ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ መዛወር ይኖርበታል። ለማስረጃ ብቻ የሚቀመጠው ደግሞ ወደ ፒ ዲ ኤፍ ይለወጥ፤ ዋና ዋናው በወረቀትም ይታተም። ይህ ሳይደረግ አሮጌውን ኮምፒዩተር መደምሰስ የማኅበሩን መዝገብ በእጅ ማቃጠል ነው።

በሊኑክስ ላይ አማርኛ መጻፍ ራሱ ችግር የለበትም። አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት የኢትዮጵያ ፊደላት ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ከሊኑክስ ጋር የሚጫን፣ በድምፅ እየተጻፈ ፊደሉን የሚያወጣ የአማርኛ መጻፊያ አለ። ኪማን የተባለው መጻፊያ ደግሞ በዊንዶውስም በሊኑክስም ስለሚሠራ፣ ጸሐፊው ጣቱ የለመደውን አጻጻፍ ሳይለውጥ በሁለቱም ላይ ሊሠራ ይችላል። በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ በሊኑክስ ላይ ሲከፈት ግን ፊደሉ በሌላ ስለሚተካ የመስመርና የገጽ አከፋፈሉ ትንሽ ሊዛነፍ ይችላል። ማኅተምና ፊርማ የሚያርፍበትን ቦታ ከማተም በፊት መመልከት ይበቃል።

ሒሳብ። ማኅበሩ ሒሳቡን በመዝገብ ወይም በሠንጠረዥ የሚይዝ ከሆነ ወደ ሊኑክስ ቢዛወር አይቸገርም። እንደ ፒችትሪ ባለ ለዊንዶውስ ብቻ በተሠራ የሒሳብ ፕሮግራም የሚይዝ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ዋይን የተባለው መሣሪያ አንዳንድ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ ያሠራል፤ ሁሉንም ግን አያሠራም። የአባላትን የትርፍ ክፍፍል የሚያሰላ ሒሳብም በ«ምናልባት ይሠራል» ላይ ሊጣል አይገባውም። ግኑካሽ የተባለ ነፃ የሒሳብ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ አለ፤ ቢሆንም የሒሳብ ሹሙና ኦዲተሩ ሳይስማሙበት የበጀት ዓመቱን አጋምሶ መለወጥ አይመከርም። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 የሚተዳደር ማኅበር ሒሳቡ ለምርመራ የሚቀርብ በመሆኑ፣ በዚህ ሥራ ላይ የመጨረሻውን ቃል የሚሰጡት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ያለው ማኅበር ሁለት ኮምፒዩተር ካለው፣ አንዱን ለሒሳብ ብቻ መድቦ ከኢንተርኔት አላቅቆ በዊንዶውስ ማቆየት፣ ሌላውን ለደብዳቤ፣ ለሠንጠረዥና ለመልእክት በሊኑክስ ማሠራት ይችላል። ያለው አንድ ብቻ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ዲስክ ላይ ጎን ለጎን መጫን ይቻላል፤ ሲነሣም የሚፈለገው ይመረጣል።

መልእክትና ኢንተርኔት። ፋየርፎክስና ክሮም በሊኑክስ ላይ ይሠራሉ። ብዙ ጽሕፈት ቤቶች ሰነድ የሚለዋወጡበት ቴሌግራምም ለሊኑክስ የተዘጋጀ አለው። በድረ ገጽ በኩል የሚሞላ ማንኛውም ቅጽ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ልዩነት ይከፈታል። ከዚህም ሌላ በፍላሽ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር የሚዛመቱት የዊንዶውስ ቫይረሶች በሊኑክስ ላይ በራሳቸው አይነሡም። ሆኖም በፍላሹ ውስጥ ተቀምጠው ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት ሊሻገሩ ስለሚችሉ ጥንቃቄው መቀጠል አለበት።

ማተሚያ። በርካታ የኤች ፒ ማተሚያዎች በሊኑክስ በቀላሉ ይታወቃሉ። ሌሎች አንዳንድ ማተሚያዎች ደግሞ ለሊኑክስ የተዘጋጀ ማገናኛ ፕሮግራም የላቸውም፣ ወይም ቢኖራቸውም መጫኑ አድካሚ ነው። ስለዚህ ወሳኙ የኩባንያው ስም ብቻ ሳይሆን በማተሚያው ላይ የተጻፈው የሞዴል ቁጥር ነው። ያለው ማተሚያ እምቢ ካለ፣ አዲስ ማተሚያ የሚገዛበት ዋጋ ከቁጠባው ላይ ተቀናሽ መሆኑን ማስላት ይገባል።

ሳይጫን መሞከር ይቻላል

ለዚህ ሁሉ ፈተና ገንዘብ አይጠየቅም። ሊኑክስ 8 ጊጋባይት በሚሆን ፍላሽ ላይ በባለሙያ ተዘጋጅቶ ከኮምፒዩተሩ ጋር ከተሰካ በኋላ፣ ኮምፒዩተሩ ከፍላሹ እንዲነሣ ማድረግ ይቻላል። በዚህ ጊዜ ተጠቃሚው «ጫን» የሚለውን ትእዛዝ እስካልሰጠ ድረስ በዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስና መዝገብ አይነካም። ጸሐፊው አንድ ሳምንት ሙሉ በዚህ መንገድ ደብዳቤ ሊጽፍ፣ የአባላት ዝርዝር ሊከፍት፣ ማተሚያውን ሊያገናኝ ይችላል። ከፍላሽ ሲሠራ ፍጥነቱ ከተጫነው የሚያንስ መሆኑን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። በሙከራው የተጻፈው ጽሑፍም ኮምፒዩተሩ ሲዘጋ ስለሚጠፋ በሌላ ፍላሽ ላይ መቀመጥ አለበት።

ሙከራው ካለፈና መጫኑ ከተወሰነ፣ ከሁሉ በፊት የሚሠራው የመዝገቡን ቅጂ መያዝ ነው። ቅጂው በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጥ፤ አንዱ በማኅበሩ ካዝና ቢሆን ይመረጣል። ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ መነበቡ ሳይረጋገጥ ዲስኩ ሊነካ አይገባም።

መግዛት ግድ ሲሆን

ያለው ኮምፒዩተር የዘገየ ከሆነ አዲስ ከመግዛት በፊት ሁለት ነገሮችን መመልከት ይጠቅማል። አንደኛው ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ ነው። ሁለተኛው የሚሽከረከረውን አሮጌ ሃርድ ዲስክ ኤስ ኤስ ዲ በሚባለው መተካት ነው። ለጽሕፈት ቤት ሥራ 240 ጊጋባይት የሆነው ኤስ ኤስ ዲ ከበቂ በላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ለመነሣት ብዙ ደቂቃ ይፈጅ የነበረ ከሆነ፣ ለውጡ ወዲያው ይታያል። አንዳንድ ቀጫጭን ላፕቶፖች ግን ራማቸው ከሰሌዳው ጋር የተበየደ ስለሆነ አይጨመርባቸውም፤ ይህን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ላፕቶፕ ወይስ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር የሚለውም ከመብራት ሁኔታ ጋር ተያይዞ መታየት አለበት። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ የጠረጴዛው ኮምፒዩተር ያለ ዩ ፒ ኤስ ቢሠራ፣ በጽሑፍ መካከል መጥፋቱ መዝገብን ያበላሻል። ላፕቶፕ ግን የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ቢሄድም የተጀመረውን ለመጨረስ ፋታ ይሰጣል። የሚፈጀው ኃይል አነስተኛ በመሆኑም በፀሐይ ኃይል ለሚጠቀም ጽሕፈት ቤት ይስማማል።

በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ጥቂት ዓመታት አገልግለው በገበያ የሚሸጡ ላፕቶፖች፣ ለምሳሌ ቲንክፓድ፣ ላቲቲዩድና ኤሊትቡክ የተባሉት፣ ጠንካሮች ናቸው፤ ከሊኑክስ ጋርም በአመዛኙ ይስማማሉ። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ግን የሻጭ ቃል አይበቃም። ገበሬ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ያያል፣ አረማመዱን ያያል፣ ቢችል ጠምዶ ይሞክረዋል። ከላይ የተጠቀሰው የሊኑክስ ፍላሽ እዚህ ላይ ሌላ ጥቅም ይሰጣል፤ ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት እዚያው ሱቅ ውስጥ ኮምፒዩተሩን በእርሱ አስነሥቶ መፈተን ይቻላል።

በዚህ ፈተና ገዢው የሚከተሉትን ይመለከታል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የቀድሞ ባለቤት የይለፍ ቃል እንዳይጠይቅና የተቆለፈ እንዳይሆን፤ የፊደል ገበታው ቁልፎች አንድ በአንድ መሥራታቸውን፤ የፍላሽ መሰኪያዎቹን ሁሉ፤ ዋይ ፋዩን፤ በማያው ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም መስመር አለመኖሩን፤ የክዳኑን ማጠፊያ ጥንካሬ ያያል። ባትሪውን ለማወቅ ሽቦውን ነቅሎ ግማሽ ሰዓት ማሠራትና ምን ያህል እንደቀነሰ መመልከት ነው። በሊኑክስ ሚንት ውስጥ ያለው የዲስክ መመልከቻ ደግሞ ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራና የጉዳት ምልክት እንዳለው ያሳያል። ሻጩ ይህን ፈተና የማይፈቅድ ከሆነ፣ ማኅበሩ ሌላ ሱቅ ቢፈልግ ይሻለዋል።

የማይታየው ወጪ

ሊኑክስ በነፃ ቢገኝም ያለ ወጪ ግን አይደለም። ወጪው ጊዜና ሥልጠና ነው። ጸሐፊው የለመደውን ትቶ አዲሱን እስኪለምድ ጥቂት ሳምንታት ሥራው ሊዘገይ ይችላል። በአቅራቢያው ከተማ ያለው ጠጋኝ ዊንዶውስን እንጂ ሊኑክስን የማያውቅ ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ሥራ ቢለቅ ተተኪው ማሠልጠን ይኖርበታል። እነዚህን ያላሰላ ማኅበር በጎረቤቱ ተገፋፍቶ ቢጀምር፣ መሀል ላይ ተመልሶ ሁለት ጊዜ ሊያወጣ ይችላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

መፍትሔው የኅብረት ሥራ መፍትሔ ነው። በአንድ ዩኒየን ሥር ያሉ መሠረታዊ ማኅበራት አንድ ዓይነት ሊኑክስ፣ አንድ ዓይነት የአማርኛ መጻፊያና አንድ ዓይነት የሠንጠረዥ ቅጽ ቢይዙ፣ አንዱ የተማረውን ለሌላው ያካፍላል። አንድ ባለሙያም ለሁሉም ይደርሳል። በመጀመሪያ አንድ ማኅበር በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይሞክር፤ ቢያንስ አንድ የግብዓት ሥርጭት ወቅት ሙሉ ይሥራበት፤ ውጤቱ ታይቶ ወደ ሌሎች ይስፋ። የማዳበሪያ ሥርጭት በተጣደፈበት ወቅት ግን ለውጡን መጀመር ጨርሶ አይገባም። ለዚህ የሚስማማው ሥራ ቀለል የሚልበት ጊዜ ነው።

ውሳኔው በኮሚቴ ይሁን

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ጉዳዩ ለሥራ አመራር ኮሚቴው ሲቀርብ፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ጽሑፍ ይበቃዋል። በግራ በኩል የጽሕፈት ቤቱ አምስት ሥራዎች ይጻፋሉ፤ በቀኝ በኩል እያንዳንዱ በፍላሽ ሙከራው ወቅት መሥራት አለመሥራቱ፣ ማን እንደሞከረው፣ በየትኛው ቀን እንደተሞከረ ይሞላል። ከሥሩ ሦስት ዋጋዎች ይቀመጣሉ፤ ያለውን ኮምፒዩተር አድሶ ሊኑክስ ለመጫን፣ ያገለገለ ኮምፒዩተር ለመግዛት፣ ዊንዶውስ 11 የሚቀበል አዲስ ለመግዛት የሚያስፈልገው ገንዘብ። ሥልጠናውና ማተሚያውም በየዋጋው ውስጥ ይካተታሉ። ተቆጣጣሪ ኮሚቴውም ይህን ገጽ ይመልከተው፤ ገጹ ከቃለ ጉባዔው ጋር ተያይዞ ይቀመጥ።

እንዲህ ያለውን ገጽ የያዘ ማኅበር ሊኑክስን ቢመርጥም፣ በዊንዶውስ ቢቀጥልም፣ ሁለቱን ቢያጣምርም በጠቅላላ ጉባዔ ላይ ከአባል ለሚነሣው ጥያቄ መልስ አለው። ገንዘባችን ምን ላይ ዋለ ተብሎ ሲጠየቅ ሻጭ እንዲህ አለን ከማለት ይልቅ፣ ይህን ሥራ እንዲህ ሞክረን፣ ይህን ያህል ከፍለን፣ መዝገባችሁን በሁለት ቦታ አስቀምጠን ለማለት ይችላል። በአሁኑ ወቅት ዊንዶውስ 10 ያለበት ኮምፒዩተር ይዞ የሚሠራ ማኅበር በዚህ ሳምንት ሊጀምረው የሚችለው የመጀመሪያ ተግባርም አንድ ነው፤ የአባላትን መዝገብ ቅጂ አውጥቶ በካዝና ማስቀመጥ።